መስኮቱ የት ቀረ? ሊኑክስ ላይ የከፈታችሁት ፕሮግራም ካልታየ፣ ከፎርማት በፊት

አይኮኑ ላይ ሁለቴ ክሊክ አደረጋችሁ። የማውሱ ምልክት ትንሽ ተሽከረከረና ቆመ። ከዚያ ምንም የለም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የምትጽፉበት ሊብሬኦፊስ አልመጣም። ደግማችሁ ክሊክ አደረጋችሁ፤ አሁንም ዝም። ሦስተኛ፣ አራተኛ ሞከራችሁ። በቃ፣ “ኮምፒውተሩ ተበላሸ” ብላችሁ ይዛችሁት ልትወጡ ነው። ጥገና ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የመጀመሪያ መፍትሔ አንድ ነው፦ “ፎርማት ይደረግ።”

ቆይ! ፎርማት ማለት ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው። ጽሑፋችሁ ሌላ ቦታ ኮፒ ከሌለው የሁለት ሴሚስተር ልፋት አብሮ ተጠረገ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ በአብዛኛው ፕሮግራሙም ጽሑፉም ደህና ሆነው የጠፋው መስኮቱ ብቻ ነው። መስኮት የምንለው ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ የሚታይበትን አራት ማዕዘን ነው፤ ዊንዶውስ ከሚባለው ሲስተም ጋር እንዳታምታቱት።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው፦ መስኮቱ አልታየም ማለት ፕሮግራሙ የለም ማለት አይደለም። መስኮት ስክሪን ላይ እስኪደርስ መንገድ አለው፤ የእኛ ሥራ መንገዱ ላይ የት እንደቆመ መጠየቅ ነው።

ደሴ ተነስቷል? መርሳ አልፏል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚመጣ መኪና ዕቃ ተላከላችሁ እንበል። ሰዓቱ አለፈ፣ መኪናው ወልድያ መናኸሪያ አልገባም። ምን ታደርጋላችሁ? “ዕቃው ጠፋ” ብላችሁ ወዲያው ሌላ አትገዙም። ስልክ ታነሳላችሁ። መርሳ ላለ ዘመድ ትደውላላችሁ፦ “መኪናው አልፏል ወይ?” አልፏል ካለ፣ ችግሩ ከመርሳ ወዲህ፣ በሲሪንቃ በኩል ነው። አላየሁም ካለ ደግሞ ከመርሳ ወዲያ፣ ውርጌሳ ወይም ውጫሌ ጋ መጠየቅ ነው፤ ምናልባትም ከደሴ ገና አልተነሳ ይሆናል። አያችሁ፣ በአንድ ጥያቄ የመንገዱን ግማሽ ያህል ከፍለጋው አወጣችሁት።

ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ይህ በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ ይባላል፤ ጉልበቱም ቀላል አይደለም። ስምንት የሚጠረጠሩ ቦታዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ ጥያቄ በግማሽ ቢቀንሳቸው ሦስት ጥያቄ ይበቃል። 1,024 ቢሆኑ እንኳ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለትን አሥር ጊዜ ስናባዛ 1,024 ይመጣላና። ፎርማት የሚያደርግ ሰው ግን ምንም አልጠየቀም። ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ምን እንደነበረ ሳያውቅ ነው፤ ስለዚህ ነገ ተመልሶ ሲመጣ ያው ፎርማት ነው።

የመስኮቱ መንገድ

የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ ያኔ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከርነሉ ፕሮግራሞችን ያስነሳል፣ ራምን ያከፋፍላል፣ ሃርድ ዲስኩን ያነባል። ስለ መስኮት ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ልብ በሉ! ስክሪኑ ላይ ምንም ባይታይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር እየሠራ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ዲስፕሌይ ሰርቨር ይባላል። ለረጅም ዘመን ይህን ሥራ የያዘው ኤክስ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ከጀማሪዎቹ ውስጥ ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ይጠቀሳሉ። አሁን ድረስ የምንጠቀምበት 11ኛው ስሪት የወጣው በ1987 ነው፤ ኤክስ 11 የሚባለውም ለዚህ ነው። በ2008 ደግሞ ክርስቲያን ሆግስበርግ ዌይላንድ የሚባለውን አዲስ አሠራር ጀመረ። ዛሬ ብዙ የሊኑክስ ዴስክቶፖች፣ ኡቡንቱም ጭምር፣ በዌይላንድ ነው የሚነሱት። ለኤክስ የተጻፉ የቆዩ ፕሮግራሞች እዚያ ላይ እንዲሠሩ ኤክስ-ዌይላንድ የሚባል አስተርጓሚ መሃል ይገባል።

እንግዲህ አንድ መስኮት የሚያልፍባቸው አራት ጣቢያዎች አሉ ማለት ነው፦

1. ፕሮግራሙ ራሱ ይነሳል። ይህ ደሴ ነው።
2. ከዲስፕሌይ ሰርቨሩ ጋር ይገናኝና “መስኮት ስጠኝ” ይላል። ይህ ውጫሌ ይሁን።
3. የመስኮት አስተዳዳሪው ቦታና መጠን ይሰጠዋል። መርሳ ደረስን።
4. የግራፊክስ ድራይቨሩ ስዕሉን ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ወልድያ ገባን።

ምልክቱ ለአራቱም አንድ ዓይነት ነው፦ “አልታየም”። መፍትሔው ግን የተለያየ ነው። ለዚህ ነው ከመጠገን በፊት መጠየቅ የሚቀድመው።

ከሁሉ በፊት ጽሑፉን አውጡ

ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት የማትፈልጉት ነገር እንዳይጠፋ አድርጉ። እንቢ ያለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ የፋይሎቹን ፎልደር ክፈቱ፣ ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ አበቃ።

ምንም መስኮት የማይመጣ ከሆነ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ከጓደኛ ተዋሱ። ኮምፒውተሩን በዚያ ፍላሽ አስነሱትና “ጫን” የሚለውን ሳይሆን “ሞክር” የሚለውን ምረጡ። ያኔ ሲስተሙ ከፍላሹ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስካችሁን አይነካም። የራሳችሁን ፎልደር ከፍታችሁ ጽሑፋችሁን ወደ ሌላ ፍላሽ ትገለብጣላችሁ። ከዚህ በኋላ የፈለጋችሁትን ብትሞክሩ ልባችሁ አይመታም።

ጥያቄ አንድ፦ ተነስቷል ወይ?

አይኮን ላይ ክሊክ ስታደርጉ ፕሮግራሙ የሚናገረውን አትሰሙም። “ይህ ጎድሎኛል” ብሎ ቢሞት እንኳ ቃሉ ወደማታዩት ቦታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከተርሚናል አስነሱት። ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ተርሚናል ይከፈታል። የፕሮግራሙን ስም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ከአራት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

አንደኛ፣ “ኮማንድ ኖት ፋውንድ” ይላል። ስሙን አሳስታችሁ ካልጻፋችሁ፣ በዚያ ስም የተጫነ ፕሮግራም የለም፤ የቀረው አይኮኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። መኪናው ደሴ ላይ የለም። ያንኑ ፕሮግራም ብቻ መልሶ መጫን ይበቃል፤ ሲስተሙን ማንም አይነካውም።

ሁለተኛ፣ አንድ ሁለት መስመር ጽፎ ይወጣል። ይህ መልካም ዜና ነው! በሽተኛው ራሱ የት እንደሚያመው እየነገራችሁ ነው። “ሼርድ ላይብረሪ” የሚል ቃል ካያችሁ፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት ሌላ ፋይል ጎድሏል፤ የፋይሉ ስም እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል። “ኖ ስፔስ ሌፍት” ካለ ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል። “ካንኖት ኦፕን ዲስፕሌይ” ካለ ደግሞ ተነስቷል፣ ግን ውጫሌ ላይ መንገድ ተዘግቶበታል። ሦስቱንም ከታች እናያቸዋለን።

ሦስተኛ፣ ምንም ሳይል ይቆያል፤ ተርሚናሉም አዲስ ትእዛዝ አይቀበልም። ፕሮግራሙ በሕይወት አለ ማለት ነው። ደሴን አልፏል፣ ወደፊት እንፈልግ።

አራተኛው አታላይ ነው፦ ምንም ሳይናገር ወዲያው ያበቃል። ይሄኔ “ሞተ” ልትሉ ትችላላችሁ። ግን እንደ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ ያሉ ፕሮግራሞች ሲነሱ መጀመሪያ “ከእኔ በፊት የተከፈተ ሌላ አለ ወይ?” ብለው ያያሉ። ካለ፣ ሥራውን ለእሱ አስረክበው ይወጣሉ። የቀድሞው ደንዝዞ የተቀመጠ ከሆነስ? አዲሱ አስረክቦ ሄደ፣ አሮጌው አይሰማም፤ እናንተ መሃል ላይ ቀራችሁ። አምስቴ ክሊክ ብታደርጉም ለውጥ የማይመጣው ለዚህ ነው።

ደንዝዞ የቀረውን ለማግኘት ሲስተም ሞኒተር የሚባለውን ክፈቱ፤ ካልሆነም ተርሚናል ላይ “ቶፕ” ብላችሁ ጻፉ። በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይመጣል። ሊብሬኦፊስ እዚያ ውስጥ “ሶፊስ” በሚል ስም ነው የሚታየው። ስታቆሙት መጀመሪያ በጨዋ ደንብ አቁሙት። ሊኑክስ ሁለት ዓይነት ማስቆሚያ አለው፦ አንደኛው “እባክህ ጨርሰህ ውጣ” የሚል ጥያቄ ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ዘግቶ ለመውጣት ዕድል ያገኛል። ሁለተኛው ቁጥር 9 የሚባለው ነው፤ ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ከርነሉ በቀጥታ ይቆርጠዋል። ዘጠኝን ለመጨረሻ ጊዜ አቆዩት። ሊብሬኦፊስ፣ መቼቱ ካልተቀየረ፣ በየ10 ደቂቃው የማገገሚያ ኮፒ ይይዛል፤ ስለዚህ በግድ ቢቆም እንኳ ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ የሚቀረው ቁልፍ

መብራት ድርግም ሲል ኮምፒውተሩ አብሮ የጠፋባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሊብሬኦፊስ አንድ ጽሑፍ ሲከፍት አጠገቡ ትንሽ የማይታይ ፋይል ያስቀምጣል፤ “ይህ ጽሑፍ ተይዟል” የሚል ምልክት ናት። በደንቡ ሲዘጋ ምልክቷን ያነሳታል። መብራት ሲጠፋ ግን የሚያነሳት የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱ “ጽሑፉ በሌላ ሰው ተይዟል” የሚል ትንሽ መጠየቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ያ “ሌላ ሰው” ራሳችሁ ናችሁ! ችግር የሚሆነው ይህ መጠየቂያ ከሌላ ትልቅ መስኮት ጀርባ ሲደበቅ ነው። ፕሮግራሙ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው፣ እናንተም እሱን እየጠበቃችሁ ነው። ሌሎቹን መስኮቶች ዝቅ አድርጋችሁ ከኋላ እዩ።

ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን

ይህ የሚገርም ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ፕሮግራም ሲነሳ ጥቃቅን ፋይሎች ይጽፋል። ቦታ ከሌለ መጻፍ አይችልም፣ ስለዚህም ሳይታይ ይወድቃል። ሲብስ ደግሞ ፓስወርድ አስገብታችሁ ስክሪኑ ለቅጽበት ጨልሞ መልሶ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፤ ፓስወርዱ ግን ትክክል ነበር።

ተርሚናል ላይ ዲ እና ኤፍ የሚሉትን ሁለት ፊደላት በትንሹ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ እያንዳንዱ ክፍል ስንት በመቶ እንደሞላ ያሳያችኋል። 100 በመቶ የሚል ካያችሁ ወንጀለኛው ተያዘ። ቆሻሻ መጣያውን ባዶ አድርጉ፤ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ የተጠራቀሙትን ፊልሞች ወደ ፍላሽ አውጡ። የዴስክቶፑ በር ጭራሽ ካልከፈተላችሁ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3 ተጫኑ፤ መስኮት የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነ መግቢያ ይመጣል። እዚያ ገብታችሁ ማጽዳት ትችላላችሁ።

ጥያቄ ሁለት፦ ከዲስፕሌይ ሰርቨሩ ጋር ተገናኝቷል ወይ?

ፕሮግራሙ መስኮት የሚጠይቀው አድራሻ ይዞ ነው። አድራሻው “ዲስፕሌይ” በሚባል መቼት ውስጥ ይቀመጣል። አድራሻው ከጠፋ ወይም ፈቃድ ከሌለው “ካንኖት ኦፕን ዲስፕሌይ” ብሎ ይወጣል። ይህ በተለይ በሁለት አጋጣሚ ይመጣል።

አንደኛው ሱዶ ሲባል ነው። ሱዶ አንድን ትእዛዝ በአስተዳዳሪው ስም ያስኬዳል። ዴስክቶፑን የከፈታችሁት ግን እናንተ ናችሁ፤ አስተዳዳሪው ሥልጣን ቢኖረውም ስክሪናችሁ ላይ ለመሳል የእናንተ ፈቃድ ወረቀት የለውም። በዚህ ላይ፣ ባለ መስኮት ፕሮግራም በሱዶ ከከፈታችሁ አንዳንድ ፋይሎቻችሁ የአስተዳዳሪው ንብረት ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ነገ በራሳችሁ ስም ስትከፍቱት እንቢ ይላችኋል። ደንቡ አጭር ነው፦ መስኮት ያለውን ፕሮግራም ያለ ምክንያት በሱዶ አትክፈቱ።

ሁለተኛው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ስትሠሩ ነው። እዚህ ላይ የኤክስ አስገራሚ ጠባይ ይመጣል። ኤክስ ገና ሲፈጠር ጀምሮ ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒውተር፣ መስኮቱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ የሀብሩን የማሽላ ማሳዎች ካርታ በኪውጂስ የምትሠሩ ቢሆን፣ ኔትወርኩ ካለ መስኮቱን መርሳ ባለ ላፕቶፕ ላይ ማየት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ሰርቨር የሚባለው የትኛው ይመስላችኋል? ትልቁ ማሽን እንዳትሉ! በኤክስ ቋንቋ ሰርቨሩ መርሳ ያለው ትንሹ ላፕቶፕ ነው፤ ስክሪን የሚያቀርበው እሱ ነዋ። ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ከሩቁ ጋር ስትገናኙ ትልቁን የኤክስ ፊደል የሚጠቀም ምርጫ ካልጨመራችሁ ግን አድራሻው አብሮ አይሄድም፤ ፕሮግራሙም “የት ልሳል?” ብሎ ይቀራል።

ጥያቄ ሦስት፦ መስኮቱ አለ፣ ግን የት?

አሁን መርሳ ደርሰናል። ፕሮግራሙ ሕያው ነው፣ መስኮትም ተሰጥቶታል፤ እናንተ ግን አታዩትም።

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ፤ በሊኑክስ ሱፐር ይባላል። ኡቡንቱ ላይ የተከፈቱት መስኮቶች ተበትነው ይታያሉ። ጎን ያሉትንም የሥራ ቦታዎች እዩ። ሊኑክስ አንድን ስክሪን እንደ ብዙ ጠረጴዛ ስለሚጠቀምበት መስኮታችሁ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት ፕሮጀክተር ነው። ክፍል ውስጥ ስታቀርቡ መስኮቱን ወደ ፕሮጀክተሩ ወሰዳችሁት፤ ጨርሳችሁ ገመዱን ነቀላችሁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች መጨረሻ የነበሩበትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ በሚቀጥለው ቀን ስትከፍቷቸው እዚያው ሊቆሙ ይሞክራሉ፤ ቦታው ግን የለም። መስኮቱ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ተሰቅሏል ማለት ነው። በአልት እና ታብ መርጣችሁት ሱፐርን ከላይ ቀስት ጋር ተጫኑ፤ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ካልመጣ አልት እና ኤፍ 7 ብላችሁ በቀስቶቹ ግፉት፤ እንደ ጠፋ በግ ከጠርዝ ብቅ ይላል። ሁለት ስክሪን ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ ሱፐር፣ ሺፍት እና የጎን ቀስት መስኮቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ይህ የመደበቅ ችግር የመጣው መስኮቶች እንዲደራረቡ ስለፈቀድን ነው። ለኢትዮጵያ ተማሪዎችም በሺዎች ተከፋፍሎ የነበረው ኤክስኦ የሚባለው ትንሽ የልጆች ላፕቶፕ በሊኑክስ ነበር የሚሠራው። ስኳር የተባለው ገጽታው ለእያንዳንዱ ሥራ ሙሉውን ስክሪን ስለሚሰጥ፣ እዚያ ላይ አንዱ ሥራ ከሌላው ጀርባ አይደበቅም። ያው፣ የሁለት ጽሑፍ መስኮት ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ግን አይቻልም። በዲዛይን ውስጥ እንዲህ ነው፤ አንዱን ስታገኝ ሌላውን ትሰጣለህ።

ጥያቄ አራት፦ ወልድያ መግቢያ ላይ ቆሞ ይሆን?

መስኮቱ መጣ፣ ግን ነጭ ወይም ጥቁር ብቻ ነው። ወይም ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ጠፋ። አሁን የምንጠረጥረው የግራፊክስ ድራይቨሩን ወይም የራም እጥረትን ነው።

ለድራይቨሩ ቆንጆ ሙከራ አለ። ኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 ከሆነ፣ ስትገቡ ስማችሁን መርጣችሁ ፓስወርድ ከማስገባታችሁ በፊት በቀኝ በኩል ከታች የጥርስ ጎማ ምልክት ታያላችሁ። እሱን ነክታችሁ “ኤክስኦርግ” የሚለውን ምረጡና ግቡ። በዌይላንድ እንቢ ያለው ፕሮግራም በኤክስ ከታየ፣ ፕሮግራሙም ጽሑፉም ደህና መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ጥፋቱ በመሃል ባለው ክፍል ነው። በሁለቱም ካልታየ ደግሞ ዌይላንድን ከመወንጀል ዳናችሁ።

ራምን በተመለከተ “ቶፕ” ከላይ በኩል ምን ያህል ነጻ እንደቀረ ይነግራችኋል። 2 ወይም 4 ጊጋባይት ራም ባለው የቆየ ላፕቶፕ ላይ ፋየርፎክስ በሃያ ገጽ ተከፍቶ ሊብሬኦፊስን ብትጠሩት፣ ራሙ ሲሞላ ሊኑክስ ሃርድ ዲስኩን እንደ ተጨማሪ ራም መጠቀም ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ መስኮቱ እየመጣ ነው፣ ግን በእግሩ። ጭራሽ ቦታ ሲጠፋ ከርነሉ ራሱ ብዙ ራም የያዘውን አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድለዋል። ይህን ከሠራ በመዝገቡ ላይ ጽፎት ያልፋል፤ ስለዚህ “ማን ገደለው?” የሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

አንዳንዴም ችግር የለም፣ ትዕግሥት ነው የጎደለው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባል አስተሻሸግ ነው፤ ፕሮግራሙ ታምቆ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ስትከፍቱትም መዘግየቱ የታወቀ ነው። ዘገየ ብላችሁ አምስቴ ክሊክ ከማድረግ አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ ጠብቁ።

ሌላ ሰው ሆናችሁ ግቡ

አሁንም ካልተገኘ፣ በግማሽ የሚከፍል አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ ጥፋቱ ያለው ሲስተሙ ላይ ነው ወይስ የእናንተ መቼት ውስጥ? ለማወቅ አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ በእሱ ስም ግቡና ያንኑ ፕሮግራም ክፈቱ።

ለአዲሱ ሰው ከታየ፣ ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው እናንተ ፎልደር ውስጥ ያለው የፕሮግራሙ መቼት ነው። በፋይሎች መስኮት ውስጥ ኮንትሮል እና ኤች ስትጫኑ በነጥብ የሚጀምሩት የተደበቁ ፎልደሮች ይታያሉ፤ አብዛኛው መቼት “ኮንፊግ” የሚል ስም ባለው ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ የእሱን ፎልደር ስም ለውጡት፤ አታጥፉት። ፕሮግራሙ ሲነሳ አዲስ ይፈጥራል። ካልረዳ ስሙን መልሳችሁ ማስተካከል ነው። መመለስ የሚቻል ሙከራ ሁልጊዜ ከማይመለሰው ይቀድማል። ፎርማት ከማይመለሱት ሁሉ ትልቁ ነው፤ ተራው መጨረሻ የሆነውም ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት

“ይህን ሁሉ ጎግል ካላደረግኩ እንዴት አውቃለሁ?” ትሉ ይሆናል። የብዙዎቹ የሊኑክስ ትእዛዞች መማሪያ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ አብሮ ተጭኗል። ተርሚናል ላይ “ማን” የሚለውን ትእዛዝ፣ ቀጥሎም ማወቅ የፈለጋችሁትን ትእዛዝ ስም ጻፉ። “ማን” እዚህ ላይ የእኛው ጥያቄ አይደለም፤ ማንዋል ለሚለው ማሳጠሪያ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል፤ ለመውጣት የኪው ፊደልን መጫን ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ደግሞ አይርሳችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ምን እንደቀየራችሁና ምን እንደሆነ ጻፉ። ሦስት ነገር ባንዴ ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም። ሰው ስትጠይቁም “አልከፍት አለኝ” አትበሉ። የሲስተሙን ስሪት፣ የፕሮግራሙን ስም፣ ተርሚናሉ ላይ የታየውን መልእክት ሳትቀንሱ፣ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተለወጠውን ነገርና እስካሁን የሞከራችሁትን ንገሩት። እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ የምትጠይቁት ሰው ከደሴ አይጀምርም፤ እናንተ ከደረሳችሁበት ይቀጥላል።

ኮምፒውተራችሁ ዛሬ ደህና ከሆነ ሦስት ነገር አሁኑኑ አድርጉ። ጽሑፋችሁን ከላፕቶፑ ውጭ የሆነ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ “አባውት” የሚለውን ከፍታችሁ ዊንዶዊንግ ሲስተሙ ዌይላንድ ወይስ ኤክስ 11 መሆኑን አይታችሁ ጻፉ። አንድ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ ጫኑና ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩት። ከክፍላችሁ ልጆች የአንዱ መስኮት የጠፋ ቀን፣ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት እናንተ ጋ ይምጣ።